ማዕድኑ፣ መልኩና ማስረጃው፦ ጠገራ ብርና የእንግሊዝ የወርቅ ፓውንድ በምን ይተመናሉ?

ከጎንደር ከተማ እስከ ትክል ድንጋይና ከዚያም ወዲያ ባለው ደጋ፣ ከአያት ቅድመ አያት የወረደ ጠገራ ብር በሣጥን ያቆየ ቤተሰብ ብርቅ አይደለም። ከጌጣ ጌጥ መካከል የውጭ አገር የወርቅ ገንዘብ፣ ለምሳሌ ቅዱስ ጊዮርጊስ ዘንዶውን ሲወጋ የሚታይበት የእንግሊዝ ፓውንድ፣ የሚገኝበት ጊዜም አለ። ገንዘቡ ለሽያጭ ወይም ለውርስ ክፍፍል ሲወጣ የሚነሳው ጥያቄ አንድ ነው፤ ስንት ያወጣል? መልሱ ግን እንደ ተጠያቂው ይለያያል። ወርቅ ቤቱ ሚዛን ላይ አስቀምጦ በግራም ያሰላል። ሰብሳቢው ዓመቱን፣ የማተሚያ ቤቱን ምልክትና የገንዘቡን ይዞታ አገላብጦ ያያል። የቅርስ ባለሙያው ደግሞ ስለ ዋጋው ከመነጋገሩ በፊት «ከየት ተገኘ?» ይላል።

ሦስቱ መልሶች ሲሰሙ እርስ በርስ የሚጣሉ ይመስላሉ። አንዱ እውነት ከሆነ ሌሎቹ ወይ ማታለያ ወይ ቅንጦት ናቸው የሚል ክርክርም አለ። ይህ ዳሰሳ የጥያቄውን ታሪክ፣ ዋና ዋናዎቹን አቋሞችና ማስረጃዎቻቸውን በተራ ይመለከታል። የሚደርስበት ድምዳሜም የሚከተለው ነው፤ የድሮ ገንዘብ ዋጋ ማዕድኑ ብቻ አይደለም፤ ስለ ማዕድኑና ስለ ታሪኩ የሚቀርበው ማስረጃም ዋጋው ውስጥ አለ። ማስረጃውን ደግሞ የዛሬ ሰብሳቢዎች አልፈጠሩትም፤ ጠገራው በጎንደር ገበያ ገንዘብ ሆኖ እንዲኖር ያስቻለው ራሱ ማስረጃው ነው። «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር የተጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከወቄት ወርቅ ወደ ጠገራ ብር

የኢትዮጵያ ደጋ ለወርቅ ገንዘብ እንግዳ አልነበረም። የአክሱም ነገሥታት ከ3ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ፣ ከንጉሥ እንዱቢስ ጀምሮ፣ በወርቅ፣ በብርና በመዳብ ገንዘብ አሳትመዋል። የመጀመሪያዎቹ የወርቅ ገንዘቦች የሮማውን የወርቅ ገንዘብ ግማሽ መለኪያ ተከትለው 2.7 ግራም ገደማ ይመዝኑ ነበር፤ በኋላ ግን ወደ 1.6 ግራም ገደማ ዝቅ አሉ። በንጉሥ ዒዛና ዘመን የጨረቃው ምልክት ለመስቀል ቦታውን ለቀቀ። ማተሙ በ7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ገደማ ቆመ። ከዚያ በኋላ የሐረር አሚሮች የራሳቸውን ገንዘብ ቢያሳትሙም፣ የደጋው ነገሥታት ግን እስከ ዳግማዊ ምኒልክ ድረስ በስማቸው ያሳተሙት ገንዘብ አልነበረም።

ስለዚህ አፄ ፋሲለደስ በ1636 ገደማ ጎንደርን መናገሻ ሲያደርጓት፣ ከዚያም በኋላ ግንቦቹና አብያተ ክርስቲያናቱ ሲታነጹ፣ ከተማዋ የራሷ ገንዘብ አልነበራትም። ለትልቁ ንግድ ወርቅ በወቄት ይመዘናል፤ ለዕለት ገበያው አሞሌ ጨው አለ፤ የጥጥ ጨርቅም መገበያያ ነው። የስኮትላንዱ ተጓዥ ጀምስ ብሩስ በ1770 ጎንደር ሲገባ ያገኘው ይህንኑ የወቄት ወርቅና የጨው ሥርዓት ነበር። ይህ ለኋላው ታሪክ ትልቅ ትርጉም አለው። የጎንደር ነጋዴ ዋጋን የለመደው በሚዛንና በመፈተኛ ድንጋይ እንጂ በንጉሥ ምስል አልነበረም። የባሕር ማዶ ገንዘብ ሲመጣለት የተቀበለውም በዚሁ የተፈተነ ዓይን ነው።

የመጣው ገንዘብ የኦስትሪያዋ ማሪያ ቴሬዛ ታለር፣ ማለትም ጠገራ ብር የምንለው፣ ነበር። መታተም የጀመረው በ1741 ሲሆን፣ ንግሥቲቱ በኅዳር 1780 ከሞተች በኋላም የሞተችበትን ዓመት እንደያዘ መታተሙን ቀጠለ። ክብደቱ 28.0668 ግራም፣ ጥራቱ ከሺህ 833 ገደማ ነው፤ ንጹሕ ብሩ 23.389 ግራም ይሆናል ማለት ነው። ከምስሏ ግርጌ ያሉት ኤስ እና ኤፍ የሚባሉት ፊደላት የጉንስቡርግ ማተሚያ ቤት የሁለት ሹማምንት ስም መነሻ ናቸው። ኦስትሪያ በ1858 ከሕጋዊ ገንዘብነት ብታስወጣውም ለውጭ ንግድ ማተሟን አላቋረጠችም። ወደ ጎንደር በሁለት በር ገባ፤ አንዱ ከምጽዋ በዓድዋ አድርጎ የሚመጣው የሲራራ መንገድ፣ ሌላው ከሱዳን በመተማ የሚዘልቀው ነው። ቡና፣ የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድና ወርቅ ሲወጡ፣ እጅግ የሚያሳዝነው የባሪያ ንግድም ሲካሄድ፣ ሚዛኑን የሚሞላው ብር በነዚሁ በሮች ይገባ ነበር። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጠገራው የትልቅ ክፍያና የግብር መለኪያ ሆነ፤ አሞሌውም አልጠፋም፣ ለጠገራው ዝርዝር ሆኖ አብሮት ኖረ። ከአፋር የጨው ሜዳ በራቁ ቁጥር አሞሌው ስለሚወደድ፣ በአንድ ጠገራ የሚገኘው የአሞሌ ቁጥር ከገበያ ገበያ ይለያይ ነበር።

ሰው ያመነው ማዕድኑን ነው ወይስ መልኩን?

በታሪክ ጸሐፊዎች ዘንድ የመጀመሪያው ክርክር ይህ ነው። የማዕድኑ አቋም ቀላልና ጠንካራ ነው። ጠገራው ገንዘብ ብቻ አልነበረም፤ መመዘኛም ነበር። የአንድ ወቄት ክብደት የሚታወቀው በአንድ ጠገራ ነበርና ወርቅ ራሱ በርሱ ይመዘናል። አንጥረኛውም ጠገራውን አቅልጦ የአንገት መስቀል፣ ድሪና አልቦ ይሠራበታል። የደንበኛው ብር ከገንዘብ ወደ ጌጥ፣ ሲቸግርም ከጌጥ ወደ ገንዘብ የሚመላለስ ሀብት ነበር። ማንም መንግሥት ባይቆምለት በብርነቱ አይወድቅም። የታሪክ ጸሐፊው ሪቻርድ ፓንክረስት ከተጓዦች ጽሑፍ ያሰባሰበው ሰፊ ማስረጃም ይህንን የሀብት ማከማቻነት አጉልቶ ያሳያል።

የመልኩ አቋም ግን የማይናቅ መልስ አለው። ጠገራውን የሚቀበል ሰው ሁሉንም ጠገራ እኩል አይቀበልም ነበር። በትከሻዋ ጌጥ ላይ ያሉት ዘጠኝ ዕንቁዎች ተለይተው ካልታዩ፣ ኤስ እና ኤፍ ካልተነበቡ፣ ገንዘቡ ከተላጠ ወይም መልኩ ካልተለመደ ይመለሳል፤ ወይም ይቀነስበታል። ከሁሉ የበለጠው ማስረጃ የምኒልክ ብር ነው። አፄ ምኒልክ በ1893 ባወጡት አዋጅ መሠረት በፓሪስ የታተመው ብር 28.075 ግራም የሚመዝን ሲሆን ጥራቱ ከሺህ 835 ነበር። ንጹሕ ብሩ ሲሰላ 23.44 ግራም ገደማ ይመጣል፤ ከማሪያ ቴሬዛው በጥቂቱ ይበልጣል። ሆኖም በተለይ በሰሜኑ ገበያ ጠገራውን ሊተካ አልቻለም። የጣሊያን ልምድም ይመሳሰላል። በ1918 ለኤርትራ ያሳተመችው ታለር ክብደቱ የማሪያ ቴሬዛውን ያህል ነበር፤ ጥራቱ 835 ነበር፤ የሴቲቱም ምስል ሆን ተብሎ እንዲመስል ተደርጎ ነበር። ገበያው ግን ለየው፤ አልተቀበለውም። ማዕድን ብቻ ዋጋ ቢሆን ኖሮ ሁለቱም ገንዘቦች ባላንጣቸውን መርታት ነበረባቸው።

ሁለቱ አቋሞች የሚታረቁበት ነጥብ አለ። ገበሬው ወይም ነጋዴው በየግብይቱ ብር ሊያቀልጥ አይችልም። ከማቅለጥ የሚያድነው የለመደው መልክ ነው። ዕንቁዎቹ ጥርት ብለው ከታዩ ገንዘቡ አልተፋቀም፤ ፊደላቱ ከተነበቡ ከታመነው ምንጭ መጥቷል። መልኩ የማዕድኑ ተቀናቃኝ ሳይሆን ምስክሩ ነበር። የምኒልክ ብር የጎደለው ብር አልነበረም፤ ለብዙ ዘመን የተመሰከረለት መልክ ነው።

እዚህ ላይ ተገቢ ተቃውሞ ይነሳል። መልክ የማዕድን ምስክር ብቻ ከሆነ፣ የምኒልክ ብር ጥራት ከታወቀ በኋላ ልዩነቱ ለምን ወዲያው አልጠፋም? ጃፓናዊው የኢኮኖሚ ታሪክ ተመራማሪ አኪኖቡ ኩሮዳ በ2007 ያሳተመው ጥናት ለዚህ ሦስተኛ አቅጣጫ ይጠቁማል። በእርሱ አተያይ ማሪያ ቴሬዛ የቀይ ባሕር አካባቢን ልዩ ልዩ ገበያዎች የምታገናኝ ገንዘብ ነበረች፤ ፈላጊዋ እንደ ምርት ወቅቱ ይበዛል ይቀንሳል፤ ሌላ ገንዘብ ቦታዋን በቀላሉ አይሸፍንም። የምጽዋ ወይም የዓድን ነጋዴ የማይቀበለው ብር፣ ጥራቱ ቢበልጥም፣ ለጎንደር ነጋዴ ግማሽ መንገድ ላይ የሚቆም ገንዘብ ነው። ይህ ማብራሪያ የምስክርነቱን ሐሳብ አያፈርሰውም፤ ያሰፋዋል። ምስክሩ በአንድ ገበያ ብቻ ሳይሆን መንገዱ በሚደርስበት ሁሉ መታመን አለበት።

የእንግሊዝ ወርቅ በደጋው

የእንግሊዝ የወርቅ ገንዘብ ታሪክ ከውጭ ሲታይ የተቃራኒው ዓይነት ነው። ከ1663 እስከ 1814 የታተመው ጊኒ በ1717 ዋጋው በ21 ሽልንግ ተቆረጠ። በ1817 የመጣው ሶቨሪን፣ ማለትም የወርቅ ፓውንዱ፣ 7.988 ግራም ይመዝናል፤ ጥራቱ 22 ካራት፣ ንጹሕ ወርቁም 7.322 ግራም ነው። የጊዮርጊስን ምስል የቀረጸው ጣሊያናዊው ቤኔዴቶ ፒስትሩቺ ነው። በአገሩ ይህን ገንዘብ የሚያስከብረው ሕግ ነበር፤ ነገር ግን ሕጉም ሚዛን ነበረው። በ1870 የወጣው የገንዘብ ሕግ፣ በጥቅም ላይ ያለ ሶቨሪን ክብደቱ ከ7.938 ግራም በታች ከወረደ ሕጋዊ ክፍያ እንዳይሆን ደነገገ። ከሰባት ግራም በላይ በሆነ ወርቅ ላይ የተፈቀደው ጉድለት ሃምሳ ሚሊግራም ገደማ ብቻ ነው። የዓለም ኃያሉ መንግሥት ገንዘብ እንኳ በመልኩ ብቻ አልታመነም።

በ1867 መጨረሻ የእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር ጦር በዙላ ወደብ ወርዶ ወደ መቅደላ ሲነሳ፣ ይህ ገንዘብ የደጋውን በር አልከፈተም። ገብስ፣ ሣርና አጋሰስ ከገበሬው የሚገዛው በጠገራ ነበርና፣ የሶቨሪን ባለቤት የሆነው መንግሥት በሚሊዮን የሚቆጠር ማሪያ ቴሬዛ በቪየና አሳትሞ ለማምጣት ተገደደ። ወርቁ ከብሩ ሳያንስ፣ ይልቁንም በክብደት ሲነጻጸር እጅግ በልጦ ሳለ፣ ምስክር በሌለበት ገበያ ሥራ ፈታ። ለማዕድኑ አቋም ከዚህ የከበደ ፈተና የለም።

ያው ዘመቻ በጎንደር ወርቅ ላይ ያደረሰው ደግሞ ሌላ ትምህርት ይሰጣል። በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም የሚገኘው የወርቅ ጽዋና የወርቅ አክሊል በእቴጌ ምንትዋብና በልጃቸው በዳግማዊ አፄ ኢያሱ ዘመን ለጎንደር ደብረ ፀሐይ ቁስቋም እንደተሰጡ ይታመናል። አፄ ቴዎድሮስ የጎንደርን አብያተ ክርስቲያናት ሀብት ወደ መቅደላ ካጋዙ በኋላ፣ መቅደላ በሚያዝያ 1868 ስትወድቅ፣ የብሪቲሽ ሙዚየም ተወካይ ሪቻርድ ሆምስ አክሊልና ጽዋውን ከአንድ ወታደር በ4 ፓውንድ ገዛ። በ4 ፓውንድ ወርቅ ውስጥ ያለው ንጹሕ ወርቅ 29.3 ግራም ገደማ ነው፤ ጽዋው ብቻውን ከዚህ በብዙ እጥፍ ይመዝናል። ማዕድኑ የዋጋ ወለል ነው፣ ከዚያ በታች አይወረድም የሚባለው ሐሳብ እዚህ አልሠራም። ወለሉ የሚጸናው ሻጩ የያዘውን ሲያውቅ፣ ገዢውን መምረጥ ሲችልና የመሸጥ መብት ሲኖረው ነው። በዝርፊያ ሜዳ ሦስቱም የሉም። በዚያ ላይ የተከፈለው ዋጋ የጽዋው ዋጋ አይደለም፤ የዝርፊያው ማስረጃ ነው።

ዓመቱ የማይናገረው

ወደ ዛሬ ገበያ ስንመጣ የመጀመሪያው ስሕተት በገንዘቡ ላይ የተጻፈውን ዓመት ዕድሜ አድርጎ መውሰድ ነው። «1780» የሚል ጠገራ ከ240 ዓመት በላይ ያስቆጠረ መሆኑን በራሱ አያሳይም። ጣሊያን በ1935፣ ኢትዮጵያን ለመውረር ስትዘጋጅ፣ የማተሚያውን ቅርጽ ከኦስትሪያ በስምምነት ወስዳ በሮም ማተም ጀመረች። የጠገራ ንግድ የነበራቸው ሌሎች አገሮች ዝም ብለው አላዩም፤ ለንደን በ1936 ጀመረች፤ ፓሪስና ብራስልስ አተሙ፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ቦምቤይ፣ ከዚያም በርሚንግሃም ተከተሉ። ቪየና በ1961 ብቸኛ አታሚነቷን መለሰች፤ ዛሬም ታትማለች። ሁሉም 1780 ይላሉ። ስለዚህ አንድ ቤተሰብ የማሪያ ቴሬዛ ዘመን ነው ብሎ ያቆየው ጠገራ በእንግሊዝ ንጉሥ ማተሚያ ቤት የተሠራ ሊሆን ይችላል። ልዩነቱ የሚታየው በንስሩ ጅራት ላባዎች፣ በትከሻው ጌጥ፣ በፊደላቱ አቀማመጥና በጠርዙ ጌጥ ጥቃቅን ምልክቶች ነው። የኦስትሪያ ተመራማሪዎች፣ በተለይ ቫልተር ሃፍነር በ1984 ባሳተመው መዝገብ፣ እነዚህን ዓይነቶች ለይተው ዘርዝረዋል።

የኢትዮጵያ ገንዘብም ከዚህ ችግር ነፃ አይደለም። በ1945 በወጣው የኢትዮጵያ ብር ሥርዓት የተሠራጩት ሳንቲሞች «1936» ዓ.ም. የሚለውን ዓመት እንደያዙ ለብዙ ዓመታት ታትመዋል። በምኒልክ ገንዘብ ላይ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ፤ በግእዝ ቁጥር የተጻፈው 1889 የኢትዮጵያ አቆጣጠር ስለሆነ፣ እንደ አውሮፓ ዓመት የሚያነበው ሰው ገንዘቡን በሰባትና ስምንት ዓመት ያስረጀዋል። የእንግሊዙ ሶቨሪን በዚህ ረገድ ግልጽ ነው። ዓመቱ አብዛኛውን ጊዜ የታተመበት ነው፤ በሲድኒ፣ በሜልቦርን፣ በፐርዝ፣ በኦታዋ፣ በቦምቤይና በፕሪቶሪያ የታተሙትም የየማተሚያ ቤታቸውን ምልክት ይዘዋል። ዋጋው በዚህ ምልክት ብቻ ሊለያይ ይችላል። የ1917 ሶቨሪን በአውስትራሊያ ማተሚያዎች ከታተመ ተራ ነው፤ የለንደኑ ግን ብርቅ ነው።

ብርቅነት የቱን ያህል እንደሚርቅ የሚያሳየው የኤድዋርድ 8ኛ ሶቨሪን ነው። ንጉሡ በ1936 ዙፋናቸውን ስለለቀቁ በምስላቸው የተሠሩት ጥቂት ናሙናዎች ብቻ ናቸው፤ ከነርሱ አንዱ በ2020 በ1 ሚሊዮን ፓውንድ ተሸጧል። ወርቁ ግን የማንኛውም ሶቨሪን ያህል ነው። እዚህ የማዕድኑ ወገን «ይህ የሀብታሞች ጨዋታ እንጂ ዋጋ አይደለም» ሊል ይችላል። ተቃውሞው ከፊል እውነት አለው፤ የሰብሳቢ ዋጋ ፈላጊ ሲጠፋ ይወድቃል። ነገር ግን የወርቅ ዋጋም ቢሆን በፈላጊ የሚነሳና የሚወድቅ ነው። ብሩ ራሱ፣ ጀርመንና ሌሎች አገሮች ከ1870ዎቹ ጀምሮ ወደ ወርቅ መለኪያ ሲዞሩ፣ በወርቅ ሲመነዘር ክፉኛ ረክሷል። ልዩነቱ የፈላጊው ስፋት ላይ ነው፤ ወርቅ በየከተማው ገዢ አለው፣ የለንደን 1917 ግን የሚያውቀው ሰው ይፈልጋል።

ማስረጃ ከማዕድን ተለይቶ የሚፈተነው በአስመሳይ ገንዘብ ነው። በ1950ዎቹ መባቻ በጣሊያን በግል የተመቱ ሶቨሪኖች ነበሩ፤ ወርቃቸው ሙሉ ነበር። የስዊስ ፍርድ ቤት አምራቹን አሳልፎ ለመስጠት ያልፈቀደው፣ ሶቨሪን በተግባር መገበያያ መሆኑ ቀርቷልና ገንዘብ ማስመሰል አይባልም በሚል ነበር። እንግሊዝ በ1957 ዳግም ማተም ስትጀምር ከምክንያቶቿ አንዱ ይኸው ነበር። ለወርቅ ቤት እነዚህ ገንዘቦች እንከን የላቸውም፤ ለሰብሳቢ ግን ከወርቃቸው በላይ ሳንቲም አያወጡም። ታዲያ ሐሰተኛ ናቸው? ጥያቄው የሚመለሰው የሚሸጠው ወርቅ ነው ወይስ ምስክርነት የሚለው ሲለይ ብቻ ነው። ሻጩ ወርቅ ብሎ ቢሸጠው አላታለለም፤ «የቪክቶሪያ ዘመን» ብሎ ቢሸጠው አታልሏል።

በሚዛን ፊት የሚጠፋው ልዩነት

የማስረጃ ጉድለት የሚያስከትለው ኪሳራ በቁጥር ሊታይ ይችላል። በአገራችን ወርቅ ቤቶች የተለመዱት 18 እና 21 ካራት ናቸው። ሶቨሪን ግን 22 ካራት ነው። ያልታወቀ ሶቨሪን እንደ 21 ካራት ቢመዘን ንጹሕ ወርቁ 6.99 ግራም ተብሎ ይሰላል፤ 0.33 ግራም፣ ማለትም ከመቶ 4.5 ገደማ፣ ይቀራል። እንደ 18 ካራት ከታየ የሚቀረው 1.33 ግራም፣ ከመቶ 18 ገደማ ነው። የምኒልክ የአንድ ወርቅ ገንዘብ ደግሞ 7 ግራም ሆኖ ጥራቱ ከሺህ 900 ስለሆነ ንጹሕ ወርቁ 6.3 ግራም ነው፤ እርሱን በሶቨሪን ስሌት የሚገዛ ሰው ይጎዳል። ጠቅላላ ክብደትና ንጹሕ ማዕድን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ የሁለቱ መምታታት ብዙ ጊዜ ከአስመሳይ ገንዘብ ይልቅ ያከስራል።

ይዞታም እንዲሁ በጥንቃቄ መታየት አለበት። በሎሚና በአመድ ታሽቶ የሚያብረቀርቅ ጠገራ ለባለቤቱ የጸዳ ይመስለዋል፤ ሰብሳቢ ግን የተፋቀ ገጽ ያያል። ለአንገት ጌጥ የተበሳ ወይም ቀለበት የተበየደበት ጠገራም በሰብሳቢ ዓይን የተጎዳ ነው። ሆኖም ያ ቀዳዳ ገንዘቡ ከገበያ ወደ አንገት መሸጋገሩን የሚመሰክር ነውና፣ ለባህል ታሪክ ካልተበሳው ይልቅ ብዙ ይናገራል። ማን፣ መቼና በየትኛው አካባቢ እንዳደረገው ከታወቀ ጉዳቱ ራሱ ማስረጃ ይሆናል። ካልታወቀ ግን ቀዳዳ ብቻ ነው።

ሀብት ወይስ ቅርስ?

ሦስተኛው አቋም ገንዘቡን ከገበያ ያወጣዋል። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ዓ.ም. ቅርስን በታሪካዊ፣ በሳይንሳዊ፣ በባህላዊ፣ በኪነ ጥበባዊና በዕደ ጥበባዊ ፋይዳው ይተረጉመዋል፤ በድንገት የተገኘ ቅርስ እንዲገለጽ፣ ያለ ፈቃድም ከአገር እንዳይወጣ ይደነግጋል። የዚህ አቋም ብርቱ ማስረጃ ከአክሱም ገንዘብ ይመጣል። በ1980 በየመን አል መዳሪባ በተባለ ቦታ በአንድነት የተገኙት 1,194 የወርቅ ገንዘቦች 868ቱ የአክሱም፣ የቀሩት የሮማ ነበሩ። አብረው በመገኘታቸው የአክሱም ነገሥታትን ቅደም ተከተልና ከሮማ ገንዘብ ጋር የነበራቸውን ግንኙነት ለማጥናት አስችለዋል። እያንዳንዳቸው ለየብቻ ቢሸጡ ኖሮ ወርቃቸው ሳይጎድል ይህ ሁሉ ዕውቀት በጠፋ ነበር።

በዚህ ላይ የሚነሳው ተቃውሞ ተግባራዊ ነው። ሕጉ ከጠበቀ ሰው ያገኘውን አያሳይም፤ በስውር ያቀልጠዋል ወይም ለድንበር ተሻጋሪ ገዢ ይሰጠዋል። ፍርሃቱ መሠረት አለው፤ መልሱ ግን ሕጉን መተው አይደለም። መልሱ መለየት ነው። ከመሬት የወጣ የአክሱም ወርቅ፣ የቤተ ክርስቲያን ንብረት የሆነ የጎንደር ዘመን ወርቅና በ1936 ለንደን ውስጥ በብዛት የታተመ ጠገራ አንድ ዓይነት ጥበቃ አይጠይቁም። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ማስረጃቸው ከተገኙበት ቦታና ከማኅበረሰባቸው ጋር የተሳሰረ ነው፤ ሲነቀሉ ይጠፋል። ሦስተኛው ግን ፎቶግራፉ፣ ክብደቱ፣ የቤተሰቡ ታሪክና የመጣበት መንገድ ከተመዘገበ፣ ባለቤቱ ቢሸጠው እንኳ አብዛኛው ማስረጃው ይተርፋል።

ያልተቋጩ ነጥቦች

ሦስቱን አቋሞች ጎን ለጎን ስናያቸው ክርክራቸው ስለ አንድ ነገር እንዳልሆነ ይገለጣል። ወርቅ ቤቱ የሚመልሰው ዛሬ ቢቀልጥ ምን ይተርፋል የሚለውን ነው። ሰብሳቢው ይህን የመሰለ ስንት ቀርቷል፣ በምንስ ይታወቃል ይላል። የቅርስ ባለሙያው ደግሞ ይህ ከጠፋ ምን ዕውቀት አብሮ ይጠፋል ይላል። የመጀመሪያው ጥያቄ በሚዛን ይመለሳል፤ የቀሩት ሁለቱ ያለ ማስረጃ አይመለሱም። ማዕድኑን ብቻ የሚያምን ሰው ራሱ ስለ ካራቱ ማስረጃ ከሌለው በገዛ ሚዛኑ እንደሚከስር አይተናል።

ሆኖም ያልተፈቱ ጉዳዮች አሉ። በውጭ አገር የታተመ፣ የባዕድ ንግሥት ምስል የያዘ፣ ነገር ግን ከመቶ ዓመት በላይ የጎንደርን ገበያና ግብር የተሸከመ ገንዘብ የማን ቅርስ ነው? በአውሮፓ መዝገብ ከለንደን የወጣው ጠገራ የለንደን ሥራ ነው፤ ታሪኩን የሠራው ግን የሲራራ ነጋዴው፣ አንጥረኛውና ግብር ከፋዩ ገበሬ ነው። የአውሮፓ መዝገቦች የት እንደታተመ ለይተዋል፤ የት እንደኖረ ግን በዚያ ልክ የመዘገበ የለም። እንዲሁም ምን ያህሉ ጠገራ ቀልጦ መስቀልና ድሪ እንደሆነ፣ ምን ያህሉስ ከአገር እንደወጣ፣ በቤተሰብ እጅ የቀረው ሳይቆጠር ሊገመት አይችልም። የምኒልክ ብር በሰሜን ለምን ቦታ እንዳጣ የሚያስረዱት ሁለቱ ማብራሪያዎች፣ ማለትም የምስክርነትና የንግድ መስመር፣ እያንዳንዳቸው ምን ያህል እንደሚመዝኑም በጎንደር ገበያ ደረጃ ገና አልተለየም።

ከዚህ የሚከተለው የተግባር ቅደም ተከተል ግን ግልጽ ነው። ገንዘቡ ሳይታሽ፣ ሳይበሳና ሳይቀልጥ አስቀድሞ ይመዘን፤ ሁለቱ ገጾቹና ጠርዙ ፎቶግራፍ ይነሡ፤ ከማን እንደወረደና የት እንደተገኘ ይጻፍ፤ ከመሬት የወጣ ወይም የቤተ ክርስቲያን ከሆነ ለሚመለከተው የቅርስ መሥሪያ ቤት ይገለጽ። ዋጋ የሚጠየቀው ከዚያ በኋላ ነው። የቀለጠ ጠገራ ብሩ በማንኛውም ጊዜ በሌላ ብር ሊተካ ይችላል፤ ስለ እርሱ ያልተጻፈውን ግን ከገበያ የሚገዛው የለም።